ማኅተም የሌለው መታቀፊያ

ማርስ ላይ የተሸመነ ጨርቅ ሁሉ ወደ ምድር ተልኮ፣ ቀረጥ ተከፍሎበትና የቆርቆሮ ማኅተም ተሰፍቶበት እስኪመለስ ድረስ መልበስ ክልክል ነበር። ደርሶ መልሱ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ሸማኔዋ እማማ የሻረግ ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው የሠሩት መታቀፊያ የተመለሰው ልጁ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ነው።

ሁለተኛዋ ስትወለድ ግን አልላኩም። ጨርቁን ከመሸመኛው ላይ ቆርጠው ሕፃኗን ጠቀለሏትና ሊያስከትቧት ወጡ።

የቀረጥ ተቆጣጣሪው ግዛቸው ክሊኒኩ በር ላይ አስቆማቸው።

«እማማ፣ ማኅተሙ የታለ?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ይወረሳል። ትእዛዝ ነው።»

«በዚህ ብርድ ራቁቷን አስቀርተህ ውሰደዋ!»

ወረፋ የያዙ እናቶች ሰሙ። አንዷ ከነጠላዋ ላይ ማኅተሙን ገንጥላ እግሩ ሥር ጣለችው። ሌሎቹም ተከተሏት። ግዛቸው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበና ሕፃኗን ሳይነካ ዞር አለ።

በዚያ ሳምንት ወደ ምድር የሚሄደው መንኮራኩር አንድ ክንድ ጨርቅ እንኳ ሳይጭን ተነሣ። ምድር ስንቅ ከለከለች። ሰፋሪዎቹ ግን ያላቸውን እየተካፈሉ የራሳቸውን ሸንጎ መረጡ፤ ሸንጎውም ሕጉን ሻረው።

ሥራውን የለቀቀው ግዛቸው አንድ ጠዋት የእማማን በር አንኳኳ።

«ለእኔም ጋቢ ይሠሩልኛል?» አለ አንገቱን ደፍቶ።

እማማ ትንሽ አዩትና ፈገግ አሉ።

«ለቅዳሜ ይደርስልሃል።»