የሮሚ የመጀመሪያ ቁልቁለት

ቬሬና የበረዶ መንሸራተቻዋን ተጫምታ፣ የሁለት ዓመት ተኩል ልጇን የሮሚን እጅ ጨምድዳ ይዛ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ቆመች። እዚሁ ተራራ ላይ ወድቃ እግሯ ከተሰበረ ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ተንሸራታ አታውቅም።

«ልቀቂያት እንጂ! እስከ ሠርጓ ልትይዣት ነው?» አሉ አባቷ፣ አሥር እርምጃ ዝቅ ብለው ቆመው።

ሮሚ ግን «እኔ ራሴ!» ብላ የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ ፈልቅቃ በትንንሽ መንሸራተቻዎቿ ወረደች። ሆዷን ወደ ፊት ገፍታ፣ እየተንገዳገደች ሄዳ አያቷ እግር ሥር በቂጧ ዘጭ አለች። ቬሬና ለቅሶ ስትጠብቅ ሳቅ ሰማች።

«እማ፣ ነይ! አትፍሪ፣ አባባ ይይዝሻል!»

ቬሬና ራሷን ለቁልቁለቱ ለቀቀች። አባቷ ሊይዟት ቢንደረደሩም በአጠገባቸው ሽው ብላ አለፈች፤ እየሳቀችም እስከ ታች ድረስ ወረደች።