ሥር ያወጣ ዕለት

«ይህ ቅርንጫፍ ሥር ያወጣ ዕለት እርሱንም ባልሽንም ይዘሽ ትወጪያለሽ» ብለዋት ነበር አማቷ። ሱላታ በካልካታው ሰገነት ከጎማ ተክሉ ፊት ተንበርክካ፣ ሥር እንዲያወጣ ቅርፊቱ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ተልጦ ክረምቱን በእርጥብ የኮኮናት ቃጫ ተጠቅልሎ የከረመውን ቅርንጫፍ ፈታችው። ከባሏ ጋር ሊገቡበት የተከራዩት ቤት ቁልፍ በሳሪዋ ጫፍ ተቋጥሯል። በቃጫው ውስጥ ግን አንድም ሥር አልነበረም።

«ምነው ልጄ፣ እጅሽም እንደ ማሕፀንሽ ሆነ?» አሉ አማቷ አፍ የሚያቀላውን የፓን ቅጠላቸውን እያላመጡ።

ሱላታ ጣቷን በተላጠው ቦታ ዙሪያ ስታዞር፣ በግድግዳው በኩል የጣት ስፋት ያለው ቅርፊት ሳይነካ ቀርቶ አገኘች። ቅርንጫፉ በዚያች ቅርፊት ከእናቱ ግንድ ጋር ተያይዞ ወተቷን ሲጠባ ከኖረ፣ ሥር ለማውጣት ምን ያስጨንቀዋል? አማቷን ልትከስ አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን ቅርፊቱ ሲላጥ ቢላዋውን የያዙት እርሳቸው እንዳልነበሩ ትዝ አላት። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ እግሩን ያያል።

«ዙሪያውን ልጬዋለሁ ብለኸኝ አልነበረም?» አለችው።

እርሱም ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ምሳ ደርሷል?»