ካፖርቱ ስር

«ሰውዬው አሁንም ከኋላችን ነው» አለች፣ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ እየሳበች።

አብሯት ለስልጠና ጃፓን የመጣው ጥላዬ ዞር ብሎ አየ። ወደ ተራራው ቤተ መቅደስ በሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ላይ፣ ከታች ከመግቢያው ቀይ በር ጀምሮ የተከተላቸው ሽማግሌ ቆሟል።

«ተይ እንጂ! እሱም ሊሳለም ይሆናል የመጣው።»

«ታዲያ እኛ ስንቆም ለምን ይቆማል? ካፖርቱ ስር የደበቀውንስ አላየህም?»

ቀዩ በር ላይ፣ አገራቸው ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እንደሚያደርጉት፣ ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው ጥግ አስቀምጠው ነበር የወጡት። የድንጋዩ ብርድ የውስጥ እግሯን ቢቆረጥማትም እርምጃዋን አፈጠነች። ሰውዬውም አፈጠነ።

ላይ ሲደርሱ፣ ቤተ መቅደሱ ፊት የሚጸልየው ሰው ሁሉ ጫማ ተጫምቷል። ምን አጥፍተን ይሆን ብላ ደነገጠች። ያን ጊዜ ሰውዬው እያለከለከ ደረሰና እጁን ካፖርቱ ስር ከተተ። የጥላዬን ክንድ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ሰውዬው ሁለት ጥንድ ጫማ አወጣ። የእሷና የጥላዬ ነው። ጭቃው ሳይቀር ተጠርጓል። ጎንበስ ብሎ እግራቸው ስር አስቀመጠላቸው።

እሷም አጸፋውን እጅ ልትነሳ ጎንበስ ስትል የሰውዬውን እግር አየች። ባዶውን ነው፤ በብርዱ ቀልቷል።

«አባባ፣ የእርስዎስ?» አለች፣ አማርኛ እንደማይሰሙ ረስታ፣ ዓይኗን ከእግራቸው ሳትነቅል።

እሳቸው ፈገግ ብለው፣ መጀመሪያ የእነሱን ባዶ እግር፣ ቀጥሎ የራሳቸውን አሳይተው፣ ቁልቁል ወደ ቀዩ በር ጠቆሙ።