የወይራ መጭመቂያው ሚዛን

ማኑሶስ የወይራ ጆንያውን ከመጭመቂያው ሚዛን ላይ አወረደና፣ እንደ መንደሩ ልማድ ራሱ ወጣበት። ከፋሲካ ወዲህ ለመክሳት ሲል ሥጋ ትቶ በምስር፣ በዓሣና በሜዳ ጎመን ከርሟል፤ መርፌው ግን ከአምናው ቦታ ንቅንቅ አላለም።

«የምንጨምቀውን ዘይት የምትጨርሰው አንተ ነህ ለካ» አለ ባለመጭመቂያው። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ።

ማኑሶስ በንዴት ጆንያውን ብቻውን ተሸክሞ የመጭመቂያውን ደረጃ ወጣ። አምና ሁለት ሰው ነበር ያገዘው፤ ዛሬ ትንፋሹ እንኳ አልተቆራረጠም። ላይ ሲደርስ ግን ሱሪው ቁልቁል ተንሸራተተ፤ ሳቁም ባሰ።

ሚስቱ አርጊሮ ሮጣ ደረሰችና በጆንያ ማሰሪያ ገመድ ልታስርለት ከኋላው አቀፈችው። ገመዱን እንደያዘች ሳታስረው ቆመች።

«ምነው፣ አጠረ?» አላት ፊቱ እንደቀላ።

«የለም» አለችው፣ ጉንጯን ጀርባው ላይ አስደግፋ። «ዘንድሮ እጆቼ ሆድህ ላይ ተገናኙ።»