ሦስቴ መታ፣ አንዴ እፍ

ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከዚያ እፍፍፍ።

ማንያህልሻል የምታጥበው ድስት ከእጇ ሾልኮ ሲንኩ ውስጥ ወደቀ። አላነሳችውም። ባሏ ደጀን ከሞተ ስምንት ወሩ ነው፤ ይህን ድምፅ ግን የትም ብትሰማው አትስተውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ መጀመሪያ አዲሳባ ጋራዥ ውስጥ፣ በኋላም በስደት እዚሁ ኢስትሙር ሰፈር ደጃቸው ላይ፣ የመኪና ፍሬን በፈታ ቁጥር እንዲህ ያደርግ ነበር። የፍሬኑን ሸራ የሚሸፍነውን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ ያወጣና መሬት ላይ ሦስቴ ይመታዋል። አልረግፍ ያለውን አቧራ ጉንጩን ነፍቶ እፍ ይለዋል።

በመስኮት አየች። ታክሲ ነጂው ቢሩክ ነው። ጠዋት ደውሎ፣ «እትዬ፣ የጋሼን ክሪክ ያውሱኝ፤ የኋላ ፍሬኔ እየጮኸ ፓሰንጀር ሁሉ እየሸሸኝ ነው» ሲላት፣ «ና እዚሁ ሥራው» ብላው ነበር። ደጀን ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ቁጢጥ ብሏል። ማስኩ አገጩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ደጀን ሳንባውን ሲታመም ሐኪሙ ያለውን የተረጎመችላት ልጇ ሀሴት ናት። የድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ነገር ነበረበት። ሸራው ሲበላ አቧራ ይሆናል፤ አቧራው ሳንባ ገብቶ ሠላሳ አርባ ዓመት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዛሬም የትኛው ሸራ እንዳለው በዓይን አይለይም። «ማሚ፣ እፍ ሲለው እኮ ወደ ራሱ ነው የሚመለሰው» አለቻትና ተነስታ ወጣች።

ማንያህልሻል መሮጥ ነበረባት። ከመስኮቱ ግን አልራቀችም። አንዱ ጎማ ተፈትቷል፣ አንድ ይቀራል። አንዴ ብቻ፣ አለ ሆዷ። አንዴ ብቻ ልስማው።

ቢሩክ ሁለተኛውን ታምቡር ታግሎ አወጣው። ጥቁር አቧራ እጅጌው ላይ ፈሰሰ። ማታ ቤቱ ሲገባ ሁለቱ ሴት ልጆቹ የሚጠመጠሙበት እጅጌ ነው። ታምቡሩን ለመምታት ከፍ አደረገው።

«አንተ! ተው!»

አበባ የምታጠጣበትን መርጫ ይዛ በነጠላ ጫማዋ ወጣች።

«ምነው እትዬ፣ እባብ አዩ እንዴ?»

«አስቀምጠው። ቀስ ብለህ።»

«ጋሼ እኮ እንዲህ ነው ያሳየኝ።»

«ጋሼህ አሁን የት ነው ያለው?»

ቢሩክ ማስኩን ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገ።

«እሱ ለኮቪድ ነው። ለዚህ ወንፊት ነው» አለችው።

ውሃውን ቀስ እያለች፣ እንዳይበን እየሰጋች ረጨችው። ሁለቱንም። ጥቁር ጭቃ ሆኖ ወረደ። ቢሩክ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው፤ ጨርቁንም ፌስታል ውስጥ ከትታ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

«ሸሚዝህንም እዚሁ አውልቅ፣ ልጆችህ ሳይነኩህ።»

«ራቁቴን ልነዳ?»

«ንዳ! ፓሰንጀሮችህ እስከዛሬ ፍሬንህን ሲሸሹ ነበር፤ አሁን አንተን ይሽሹ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «የመጀመሪያውን ስትመታ ሰምቼ ዝም ብዬሃለሁ። ይቅር በለኝ» አለችው።

«ለምን ዝም አሉ?»

ታምቡሩን በጣቷ አሳየችው፤ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል።

«አሁን ምታው።»

«እትዬ፣ ምን ይረግፋል ብዬ? ንፁህ ነው እኮ።»

«ንፁህ ስለሆነ ነው። ምታው አልኩህ።»

ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ዓይኗን ጨፈነች።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ከሦስተኛው በኋላ የሚመጣውን የደጀንን ትንፋሽ ጠበቀች። ከታምቡሩ ጠርዝ ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል።