የግራ እግሯ

«እኔን አስወጥቶ ዳንግላን ሊያሸንፍ! ያ ቀለበት እኮ ከእኔ እጅ ሌላ እጅ አያውቅም» አለች ስሜነሽ፣ ከሜዳ ስትወጣ። ቀስ ብላም አይደለም፤ አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ተጠባባቂዎች ሁሉ እንዲሰሙላት ነው። አሰልጣኝ ይሄይስ በእጁ ጠርቶ አስወጥቷት በምትኳ ፋናን አስገብቷል። ሁለተኛው ሩብ ገና አላለቀም። የቆሰበር ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን እስካሁን ካገባው ግማሹ የስሜነሽ ነው። እንዲህ ያለችን ልጅ ማን ያስወጣል?

ያውም በዛሬ ቀን! ከአግዳሚው ጀርባ፣ ደረጃው ላይ፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ተቀምጧል። ከባሕር ዳር የመጣ መልማይ ነው። ከሁለቱ ቡድን አንዲት ልጅ መርጦ ወደ ማሰልጠኛ ይወስዳል፤ የተመረጠችው እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ታድራለች፣ እዚያው ትማራለች። ያልተመረጠችው… የሌሎቹን እንጃ፣ ለስሜነሽ ግን አባቷ ቁርጡን ነግሯታል። «ዘንድሮ ካልወሰዱሽ ደብተርሽን አጥፈሽ አዲስ ቅዳም፣ እቤትሽ ትመለሻለሽ። ከእህትሽ ጋር ከሰል ማክሰል ትገቢያለሽ።» እህቷ ውቢት ያን ሥራ ከጀመረች ወዲህ ስትስል ነው የምታድረው። ያ ሳል ስሜነሽን ከአባቷ ዱላ በላይ ያስፈራታል።

ይሄይስ መጥቶ ፊቷ ቆመ። «ካልሲሽን አውልቂ።»

«ለምን ኮች? ብርድ ነው እኮ።»

«ሁለት ደርበሻል።»

«የቆሰበር ብርድ በአንድ ካልሲ መቼ ይመለሳል!»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ ወድቃ እግሯ ሲዞርባት ያየው እሱ ነው። ሐኪም ቤት ሄደሽ ራጅ ተነሺ ብሏት ነበር። እሷ ግን ሚኒባስ ተሳፍራ ጥሊሊ፣ ወጌሻ ዘንድ ሄደች። በሰፈሯ ጄሶ የገባ እግር ቀጥኖ እንደሚቀር የማያውቅ የለም። ወጌሻው አሽቶ፣ በቀርከሃ ስንጥር ጠፍሮ አሰረላትና «እኔ እስክፈታው መሬት እንዳታስረግጪው» አላት። ዛሬ ጠዋት ጫማው አልገባ ሲላት ግን ራሷ ፈታችው። ቀርከሃውንም እሳት ውስጥ ጨመረችው፤ ማን ያያል?

ይሄይስ ተንበርክኮ የግራ ጫማዋንም ካልሲዎቹንም ራሱ አወለቀ። ቁርጭምጭሚት የሚባል ነገር የለም። ከጣቶቿ እስከ ባቷ ያበጠ ሥጋ ብቻ፣ መሀሉ የጠቆረ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ። ይስቁ የነበሩት ልጆች ፊታቸውን አዞሩ።

«በዚህ ነው ስትዘዪ የነበረው?»

«በቀኜ ነው የምዘለው። ግራውን ዝም ብዬ ይዤው ነው የምዞረው።»

«እግር ነው እኮ! ካልሲ አይደል የምትቀይሪው። በቃሽ። ዛሬ አትገቢም፤ ሰሞኑንም አትገቢም።»

አትገቢም ሲላት የውቢት ሳል ጆሮዋ ላይ መጣ። ከዚያ አፏ ቀደማት።

«ፋና የእህትዎ ልጅ ስለሆነች ነው!»

እውነት ነው፣ ፋና የእህቱ ልጅ ናት። ግን ዓመቱን ሙሉ «ዘመዱን አጫወተ» እንዳይሉት ፈርቶ አግዳሚ ላይ ሲያስቀምጣት የከረመውም እሱ ነው። ይህን ስሜነሽም ታውቃለች። አጥሩ ላይ የተቀመጡት ባጃጅ ነጂዎች ግን አያውቁም፤ ከዚያ ርቀት እግሯም አይታያቸውም።

«እውነቷን ነው!» አለ አንዱ እየጮኸ። «ዘመድህን እቤትህ አጫውት!»

«ልጅቷን አስገባ! ሌባ!»

ጩኸቱ አጥሩን ሁሉ አዳረሰ። ይሄይስ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ካልሲዎቹን ጭኗ ላይ ወረወረላት።

«ግቢ» አለ፣ ፊቷን ሳያይ። «አጥልቂና ግቢ።»

የፈለገችው ይኸው ነበር። ግን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እምቢ ባለኝ ብላ ተመኘች። እምቢ ቢላት ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር፤ ማልቀስ ደግሞ ያሳርፋል። አሁን ሰው ሁሉ እያየ ነው። ተነሳች።

ፋና ወጣች፣ እሷ ገባች። ኳሷ ወዲያው መጣችላት። አነጠረቻት፣ አንዷን አለፈቻት። ሁለተኛዋ የዳንግላ ልጅ፣ ረጅሟ፣ በቀኝ በኩል እንደ ግድግዳ ቆመችባት። የቀረው ግራ ነው። ስሜነሽ ቀለበቱን አየች፣ ግራ እግሯን ተክላ ዘለለች።

የተሰማው የኳስ ድምፅ አልነበረም። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ነው የሚመስለው። አጥሩ ላይ ያሉት ሳይቀሩ ሰሙት።

ሲሚንቶው ላይ ተጋድማ ጭጋጉን ታያለች። ይሄይስ ጃኬቱን አውልቆ እግሯ ሥር ያደርጋል። «እኔ ነኝ… እኔ ነኝ… ምን ነካኝ» ይላል፣ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። ቅድም «ሌባ» ያለው ባጃጅ ነጂ ባጃጁን አስነስቶ ሜዳው መሀል ድረስ እየነዳ መጣ። የስሜነሽን ጭንቅላት ጭኗ ላይ ያስደገፈችው ፋና ናት፤ እንባዋ ግንባሯ ላይ ይንጠባጠባል።

ስሜነሽ ጥርሷን ነከሰች። ይህች ልጅ ስታዝንላት ማየት ከስብራቱ ይብሳል።

«ምን ታለቃቅሺብኛለሽ? አዘላለሌን አላየሽም? ያ ሰውዬ እኔን ትቶ ማንን ሊወስድ!»

ፋና አፍንጫዋን በመለያዋ ጫፍ ጠረገች።

«ስትዘዪ እኮ ሰውዬው አልነበረም። ካልሲሽ ሲወልቅ እግርሽን አየና ተነስቶ ሄደ።»