አምስተኛው ድምፅ

የሕንጻችን ሊፍት የሚናገረው በእህቴ ድምፅ ነው። "አንደኛ ፎቅ"፣ "ሁለተኛ ፎቅ" እያለች እስከ አራተኛ ድረስ ቀድታለታለች። እኛ የምንሠራው አራተኛው ላይ ነው፤ ከእኛ በላይ ጣሪያ ነው። ድምፁን ሊፍቱ ላይ የምጭነው ደግሞ እኔ ነኝ። ሥራው የሦስት ማሽኖች ቅብብል ነው፤ አንደኛው ፋይሎቹን አዘጋጅቶ የጋራ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሁለተኛው ከዚያው አንስቶ ይፈትሻል፣ ሦስተኛው ይጭናል። በመካከል እጁን የሚያስገባ የለም።

ዛሬ ረፋድ ላይ አንደኛው አራት ፋይል አስቀመጠ። ሁለተኛው አምስት አገኘ።

የድሮ ትራፊ ይሆናል ብዬ ፎልደሩን ጠራርጌ እንደገና አስጀመርኩት። አሁንም አምስት። ነገሩ ከነከነኝና ከፍቼ ሰማሁት።

"አምስተኛ ፎቅ" አለች እህቴ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ጋሼ፣ ክፈትልኝ።"

"ይሄን መቼ ቀዳሽው?" አልኳት፤ አጠገቤ ቆማ ጃኬቷን እየለበሰች ነበር።

"ኧረ እኔ የለሁበትም! የምን አምስተኛ ፎቅ ነው? ቆርቆሮው ላይ ልትሰቅለኝ ነው?" ብላ ሳቀች። "ዳቦ ገዝቼ መጣሁ" ብላኝ ወጣች።

ትርፉን አጠፋሁት። አራቱ ብቻ መቅረታቸውን አይቼ ሦስተኛው ማሽን እንዲጭን ፈቀድኩ። ሲጨርስ "አምስት ፋይል ተጭኗል" አለኝ።

ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ። ሊፍቱ ከታች እየመጣ ነበር። "አራተኛ ፎቅ" አለ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። በበሩ ትንሽ መስታወት በኩል እህቴ፣ ዳቦዋን እንደታቀፈች፣ ወደ ላይ አለፈች።

ከራሴ በላይ ቆመ። "አምስተኛ ፎቅ" አለ።

ትንሽ ቆይቶ፣ ከድምፅ ማጉያው ሳይሆን ከሰው ጉሮሮ፣

"ጋሼ፣ ክፈትልኝ።"